አረንጓዴው ኮርቻ

ሞተሩ ቀድሞ ይሰማል፤ ሰውዬው ኋላ ይመጣል። ከስፌት መኪናው ድምፅ የተነሳ መኪና ግርግር በምንለው የጀጎል መንገድ ላይ እኛ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረን ነው የምንውለው። አህያ ጭኖ ለሚያልፍ ሰው እንኳ እግራችንን ሰብሰብ ማድረግ አለብን። እዚያ ውስጥ ሞተር ብስክሌት እየነዱ መግባት የጤና አይደለም። እሱ ግን ገባ። ያን ቀን የአንዲት ሙሽራ ነጭ ጨርቅ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነበር። አቧራው ቦንኖ ጨርቄ ላይ ሲያርፍ መቀሴን እንደያዝኩ ብድግ አልኩ። ቁጡ ነኝ፣ አልደብቅም። ልሰድበው አፌን ስከፍት ሞተሩን አጠፋና ከኋላው አንድ ቁራጭ ሸራ መዘዘ።

«ጋሼ፣ መቀሱን ከያዝክ አይቀር ይቺን ቁረጥልኝ» አለኝ።

ሳቄ መጣ። የተዋወቅነው እንዲህ ነው።

የጀጎል ልጅ ነው፤ ሐረሪ፤ ዕድሜው ከሠላሳ በታች። ከሸዋ በር ውጭ፣ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ጀርባ፣ የቆርቆሮ ጋራዥ ነበረው። ሞተር ይጠግናል ብለው የሚያወሩ ሰዎች ያናድዱኛል። ይጠግን አልነበረም፤ ይፈጥር ነበር። አካሉን ከውሃ ቧንቧ ይበይዳል፣ ሞተሩን ከተገለበጠ ባጃጅ ያወጣል፣ መሪውን ከአልጋ ብረት ያጎብጣል፣ የፊት መብራቱን ከድሮ የጭነት መኪና ይነቅላል። ሁለት ተመሳሳይ ሞተር ሠርቶ አያውቅም። ገዢውን በርጩማ ላይ ያስቀምጥና ክንዱን፣ ጉልበቱን፣ ጀርባው እንዴት እንደሚጎብጥ ዝም ብሎ ያያል። ከዚያ ተነስቶ ቧንቧ ይቆርጣል። እኔ ሰው ስለካ ሜትር እይዛለሁ፤ እሱ ያንንም አይዝም። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ይሆናል፣ በዚህ ነገር ልቤ ጥፍት አለ።

ኮርቻዎቹን እኔ መስፋት ጀመርኩ። ስፖንጁን ቆርጦ ያመጣልኛል፣ እኔ በወፍራም ሸራ አለብሰዋለሁ። የመጀመሪያውን ስጨርስ «የሰፋኸው አንተ፣ የምትፈትነው አንተ» ብሎ ከኋላው አስቀመጠኝ። ከሸዋ በር ወጥተን በአቦከር በኩል ስንበር ኮፍያዬ ሄደ፣ እንባዬ በጆሮዬ በኩል ፈሰሰ፣ የልጆች አባት የሆንኩት ሰውዬ እንደ ሕፃን ጮህኩ። አንዲት ቅጠል የተሸከመች ሴት ቆማ በኦሮምኛ ረገመችን። እውነት አላት። ስንመለስ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለሚስቴ ኮፍያዬን ንፋስ ወሰደው አልኳት። ውሸት አይደለም።

ሞተሩ ላይ መቆም የጀመረው ኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት መኪና በማይበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ፍጥነቱን ያረጋጋና መሪውን ይለቃል፤ ኮርቻው ላይ ቁጢጥ ይላል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይነሳል። ቀጥ። እጁን ግራና ቀኝ ይዘረጋል። ነጭ ሸሚዙ በንፋስ ይነፋል። ባየሁት ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል፤ አሁን ስጽፈውም ወረረኝ። እንዴት እንደማይወድቅ ስጠይቀው ወደ እግሩ አሳየኝ።

«ኮርቻው እግሬን ከያዘኝ እኔ ሞተሩን እይዘዋለሁ። ሸራህ ይይዛል ጋሼ።»

እንዲህ ሲለኝ ደረቴ ተነፋ። ሞተሩ ላይ የሚቆመው እሱ ብቻውን እንዳልሆነ ተሰማኝ።

በአንድ የበዓል ሰሞን ወጣቶቹ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ትርዒት አዘጋጁ። ከድሬዳዋም ከጅጅጋም ሞተረኞች ይመጣሉ ተባለ። እሱ ለዚያ ቀን ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጠውን ሠራ፤ ቀይ፣ ረጅም፣ ሁለት የጭስ ማርሚታ ያለው። ኮርቻውን ከድሮ ሞተሩ አምጥቶ ገጠመበት። እግሩ የለመደው እዚያ ላይ ነዋ። ከዚያ ወደ እኔ ይዞት መጣ።

«ጎኑ ተተርትሯል። ደርበህ ስፋልኝ።»

የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ ያን በመሰለ ሞተር ላይ፣ የእጄ ሥራ የተጣፈ ሸራ ሆኖ ሊታይ ነው? አዲስ ልብስ አለብሰዋለሁ አልኩት። በዚያ ሳምንት አንዲት ሴትዮ ስለት ኖሮባት የአንድ ወልይ፣ የእስላም ቅዱስ፣ መቃብር የሚለብሰውን አረንጓዴ ሳቲን አሰፍታኝ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ወርቃማ ዘርፍ ያለው። የተረፈውን ለኔ ትታልኛለች። አባቴ ወታደር ሆኖ ከጎንደር የመጣ ክርስቲያን ነው፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ አረንጓዴ በወርቅ፣ ሐረሪዎች አዋች የሚሏቸው የወልዮች ልብስ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። አልታየኝም። ጨርቅ ነው የታየኝ።

አልብሼ፣ የወለቀውን ሸራ ጠቅልዬ ስሰጠው ሳቲኑን በእጁ ዳበሰው። «ማሻአላህ» አለ። ቆየት ብሎ «ትንሽ አያንሸራትትም?» አለኝ።

«አንተ እኮ ምላጭ ላይ ብትቆምም አትወድቅም» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል። ሳቲን ከመርፌ ሥር እንኳ እንደሚሸሽ ከኔ በላይ የሚያውቅ ማን ነበር?

ከሦስት ቀን በኋላ ሜዳው በሰው ጥቅጥቅ ብሎ ሳለ ደረስኩ። ዘግይቼ ስለነበር ከሩቅ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ቆምኩ፣ ፀሐይዋም ከፊቴ ናት። ሞተረኞቹ እየተፈራረቁ አንድ ጎማ አነሱ፣ ዞሩ፣ አቧራ አስነሱ። ሰዉ ያጨበጭባል። እሱ ሲወጣ ግን ሌላ ሆነ። የሁለቱ ማርሚታ ድምፅ ሆዴ ውስጥ ገባ። ከሜዳው ጫፍ ተነስቶ መጣ፣ መጣ፣ መሪውን ለቀቀ፣ ቁጢጥ አለ፣ ተነሳ። እጁን ዘረጋ። ያ ሁሉ ሕዝብ ለአፍታ ዝም አለ፣ ከዚያ ፈነዳ። ሴቶች እልል አሉ። አጠገቤ የቆመ የማላውቀው ሽማግሌ ትከሻዬን ይዞ ነቀነቀኝ፣ እኔም ነቀነቅኩት። ኮርቻው የኔ ነው፣ ኮርቻውን የሰፋሁት እኔ ነኝ አልኩት፤ አልሰማኝም፣ ደግሜ ጮህኩበት። ከዚያ በላይ የሚያኮራ ነገር በሕይወቴ አላገኘሁም።

አዙሮ ሁለተኛ መጣ። ተነሳ። መሀል ሜዳ ሲደርስ ቀኝ እግሩ ከሥሩ ሄደ። ይኸው ነው። ሞተሩ ብቻውን ትንሽ ተጓዘና ወደቀ። ሰዉ ሮጠ። እኔ ድንጋዩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። በዚያው ቀን ሳይመሽ ተቀበረ። መስጊዱ ውስጥ ሲሰገድበት እኔ ከደጅ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ከዚያ ከቃሬዛው ጫፍ ደረሰኝና ጥቂት እርምጃ ተሸከምኩት። ሞተረኞቹ ሞተራቸውን አጥፍተው በእጃቸው እየገፉ ተከተሉ። ያ ሁሉ ሞተር ያለ ድምፅ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

በለቅሶው ቤት አፎቻው፣ ማለትም የሠፈሩ ማኅበር፣ ተሰብስቦ ዱዓ ሲያደርግ ሰዉ ስለ ድንጋይ ያወራል። የፊት ጎማው ድንጋይ መታ ይላሉ። ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው ይላሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ስለ ሳቲን አስባለሁ። ቀኝ እግሩ እንዴት እንደሄደ አይቻለሁ፤ እንደ ሳሙና ነው የሄደው። ገደልኩት። ለማንም አልተናገርኩም። መርፌ ይዤ መቀመጥ አቃተኝ፤ ደንበኛ ሲመጣ እቆጣለሁ፣ ሲሄድ አዝናለሁ። ሚስቴ አሞሃል አለችኝ፤ በእሷም ላይ ጮህኩባት።

በአሥረኛው ቀን ገደማ እናቱ አስጠሩኝ። ሐረሪዎች ትልቅ ሴትን አክብረው እንደሚጠሩት እኔም አባይ ነው የምላቸው። ጀጎል ውስጥ፣ ግቢያቸው ጥግ ላይ፣ ቀዩ ሞተር አንሶላ ለብሶ ቆሟል። አላየሁትም፤ ማለቴ ላለማየት ዞርኩ። እሳቸው ገብተው በሁለት እጃቸው የታጠፈ ነገር ይዘው ወጡ።

«ይሄ ያንተ ነው ልጄ። የአዋች ልብስ ነው፣ እኔ ቤት አይቀመጥም። ወደ ወልዩ መልሰው።»

አረንጓዴው ሳቲን ነበር። ዘረጋሁት። አቧራ የለውም። ጭረት የለውም። ወርቃማው ዘርፍ ስሰፋው እንደነበረ ነው። ሞተሩ ላይ አልነበረም።

ደስ አለኝ። ያደረግኩትን ሳልሸፋፍን መናገር አለብኝ፤ በልጃቸው ለቅሶ፣ በግቢያቸው መሀል፣ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማላውቀው ነገር ከአፌ ወጣ፣ ጨርቁን አቅፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አባይ ደነገጡ።

«ምን ሆንክ?»

ነገርኳቸው። አፌ አልገደብ አለኝ። ሳቲኑ እንዳንሸራተተው እንዳሰብኩ፣ ያልኩትን የምላጭ ወሬ፣ አሥር ቀን ሙሉ ገዳዩ እኔ ነኝ ብዬ እንደዋልኩ፣ አሁን ግን እንዳልሆንኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እንዳልሆንኩ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እሳቸው በርጩማቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸውን ያየሁት ጨርሼ ትንፋሼን ስስብ ነው።

«እኔ ነኝ ያስወለቅኩት» አሉ። «በዚያን ቀን ጠዋት። ጫማህን አድርገህ አዋች በሚለብሱት ላይ ልትቆም ነው አልኩት። ወዲያው ፈቶ አጥፎ ሰጠኝ። የድሮውን መልሶ አሰረበት።» «የድሮው ምን ሆኖ ነበር የቀየርከው?»

ይህን ጊዜ ነው ያደረግኩት የገባኝ። የኔን ሸክም አውርጄ እሳቸው ላይ ጭኜዋለሁ። ተነስቼ አንሶላውን ገለጥኩ። የኔው ሸራ ነው። ያ ደርበህ ስፋልኝ ያለኝ የተተረተረ ጎን አሁን ከስንዝር በላይ ተከፍቷል፤ ሸራው ከስፖንጁ ተላቆ በእጄ ስነካው ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ክሮቹን አየሁ። በአንድ ጊዜ የተበጠሰ ክርና ቆይቶ ያለቀ ክር ምን እንደሚመስሉ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር።

«ሲወድቅ ነው የተቀደደው» አልኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ። «መሬት ሲመታ። ከዚያ በፊት ደህና ነበር። ድንጋይ ነው አባይ፤ የፊት ጎማው ድንጋይ መትቶ ነው።»

«አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ወላሂ አትበለኝ፣ ወላሂ የኛ ነው። በራስህ እምነት ማልልኝ።»

ዞርኩ። የሻሻቸውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጠምዝዘው ይዘዋል። ከአንድ ቀጥ ያለ ቃል በቀር የሚያረጋጋቸው ነገር አልነበረም።

«ማርያምን» አልኩ። «ማርያምን፣ ድንጋይ ነው።»

አባይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ደጋግመው አሉት። የያዙትን የሻሽ ጫፍ ለቀቁት። በሐሰት በማርያም ስምል የመጀመሪያዬ ነው፤ እስከ ዛሬም ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም።

ከዚያ ፈጽሞ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። አንድም ቀን ሄደው አይተውት አያውቁም፤ ስለሚፈሩ። «እውነት ይቆም ነበር?» አሉኝ። «ሰው ይለዋል። እንዴት ነው የሚቆመው?»

በቃላት ጀመርኩ፣ አልሆነልኝም። በርጩማ ሳብኩና ወጣሁበት። ከሜዳው ጫፍ እንዴት እንደመጣ፣ ድምፁ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ በአፌ እያሰማሁ ቁጢጥ አልኩ፤ መሪውን ለቀቅኩ፤ ቀስ ብዬ ተነሳሁ፤ እጄን ዘረጋሁ። ሕዝቡ እንዴት ዝም እንዳለ፣ ከዚያ እንዴት እንደፈነዳ፣ ሴቶቹ እንዴት እልል እንዳሉ ነገርኳቸው። ወፍራም ነኝ፣ በርጩማው ሲጥጥ አለ፤ ግድ አልሰጠኝም፣ ደሜ ሞቋል። አባይ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው እየሳቁ ነበር። እንባቸውም ይወርዳል።

እጄን እንደዘረጋሁ ቆምኩ። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

«ሁለተኛውን አልፈልግም» አሉ። «የመጀመሪያውን ድገምልኝ።»

ወርጄ እንደገና ወጣሁ። በዚያን ቀን፣ በዚያ ግቢ ውስጥ፣ ልጃቸው አራት ጊዜ ቆሞ አለፈ።