ወታደሮቹን ገበሬ ማድረግ

ቆቦ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከትምህርት ቤት መልስ የምሠራውን ግን ብዙ ሰው አያውቅም ነበር። ጣት የሚያክሉ የፕላስቲክ ወታደሮችን ከገበያ እየገዛሁ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ግመል ነጂ አደርጋቸዋለሁ። ጠብመንጃውን በምላጭ ቆርጬ አነሳለሁ፤ ክንዱን በሻማ ለብለብ አድርጌ አጥፌ ከስቴኪኒ የተሠራ ዱላ አስይዘዋለሁ። በሆዱ ተኝቶ ከሚያነጣጥረው ወታደር፣ ወገቡን ሰብሬ፣ ማሽላ የሚያርም ሰው አወጣለሁ። የሴቶቹን ቀሚስ ከሶፍትና ከኮላ እሠራለሁ። ቀለሙ የበር ቀለም ትራፊና የባለቤቴ የጥፍር ቀለም ነው።

ሰዎቹን የማቆምበት አንድ ሰፊ ኮምፔንሳቶ ነበረኝ። የቆቦን የገበያ ቀን ሠርቼበታለሁ፤ ዋናውን አስፋልት፣ ወደ ጎብዬና ወደ ዋጃ መውጫውን፣ ባጃጆቹን። ተማሪዎቼን ካርታ ላስተምርበት ነበር ሐሳቤ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ታጣቂዎች ቤት ለቤት ፍተሻ ጀምረዋል የተባለ ዕለት ባለቤቴ ኮምፔንሳቶው ፊት ቆማ ብዙ አየችው።

«ይሄን ነገር አቃጥለው» አለችኝ።

«መጫወቻ እኮ ነው።»

«ላንተ ነው መጫወቻ። መንገዱን፣ መውጫውን አስቀምጠህ ወታደር ደርድረህበታል። ላየው ሰው ምን ይመስለዋል?»

እስከዚያች ደቂቃ አላሰብኩትም ነበር። ላቃጥለው ስል የፕላስቲክ ጭስ ሰፈሩን ይጠራል፤ ልቅበረው ስል ጓሮ ሲቆፍር የታየ ሰው ምን ቀበረ ይባላል። አልጋ ሥር ከተትኩትና ጆንያ አለበስኩት። ሦስት ቀን መኪና በቆመ ቁጥር ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ይቀር ነበር።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሦስት ሆነው መጡ። ሁለቱ ወጣቶች ናቸው፤ ሦስተኛው ጢሙ የሸበተ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ወጣቶቹ ኮምፔንሳቶውን ጎትተው አወጡት። ቀጥሎ የቆረጥኳቸውን ጠብመንጃዎች የማጠራቅምበትን ጣሳ አገኙ። ሽበታሙ መዳፉ ላይ ዘረገፋቸው።

«ይሄ ካርታ የማን ነው?»

«የኔ ነው። አስተማሪ ነኝ።»

«ለማን ሠራኸው?»

«ለተማሪዎች ነው፣ ወንድሜ።»

ባለቤቴ ግድግዳ ተደግፋ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ሽበታሙ ገና ያልነካሁትን አንድ ወታደር ከመደርደሪያ አንስቶ ሰጠኝ።

«የምትሠራው አንተ ከሆንክ፣ እስኪ አሁን ሥራው» አለ።

መሬት ተቀምጬ ምላጩን ያዝኩ። አንደኛው ወጣት ከጀርባዬ ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። ጠብመንጃውን ከደረቱ ላስለቅቅ ስጫን ምላጩ አዳለጠኝና የአሻንጉሊቱን እጅ ከነመሣሪያው ቆርጦ አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። ደሜ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። አለቀልኝ አልኩ።

ሰውየው ቁጢጥ አለ። «እጁንም ቆረጥከው» አለኝ።

«ፈርቼ ነው።»

ከኮምፔንሳቶው ላይ አራሚውን ሰው አነሳ።

«ይሄ ምን እያደረገ ነው?»

«ማሽላ እያረመ።»

«ጉልበቱ እንዲህ ተገትሮ አይታረምም። አጠፍ አድርግለት።» መልሶ አስቀመጠውና ወጣቶቹን «እንሂድ» አላቸው።

ሲወጡ ከጀርባዬ የነበረው ወጣት ገበያው ላይ በጫማው ቆመበት። የመሰባበሩ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሽበታሙ ዞሮ አላየም።

ባለቤቴ ጣቴን በጨርቅ ካሰረችልኝ በኋላ የቀረውን አብረን ከሰል ማንደጃው ውስጥ አቃጠልነው። ጭሱ ሰፈሩን አዳረሰው፤ ማንም ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። ብዙ ቤት የሚቃጠል ነገር ነበረው መሰለኝ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደገና ጀምሬያለሁ። መንገድ ግን አልሠራም፤ ሰው ብቻ፣ አንዳንዴም ፍየል። አንዱ ቀለሙ ሲደርቅ በዚያው ቀን ለጎረቤት ወይም ለተማሪ እሰጠዋለሁ። ሁለት ሆነው ቤቴ እንዲያድሩ አልፈልግም።