የጋሽ ወንድሙ ባቡር የኋላ ጎማ

ሮቤ ገበያ ጥግ፣ ሐጂ ከድር ሰዓት ቤት የገባሁ ቀን ካቻቢቴ እንኳ አልነካሁም። ሐጂ አንድ የግድግዳ ሰዓት ተቀብለው እዚያው ባለቤቱ ፊት ፈቱት። "ኢላሊ!" አሉኝ፤ ልብ ብለህ እይ ማለታቸው ነው። "ዕቃ ስትቀበል ባለቤቱ ፊት ፍታ። ስትመልስ ደግሞ ያወጣኸውን ስባሪ በወረቀት ጠቅልለህ አብረህ ስጥ። ስባሪውም አማና ነው፤ አደራ።"

ይህን ይዤ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሰዓት፣ ሬዲዮና የስፌት መኪና ጠግኛለሁ። የድሮ መጫወቻ ባቡር የመጣልኝ ሐጂ ካረፉ፣ ሱቁም የእኔ ከሆነ በኋላ ነው። የመጀመሪያው የአንድ መምህር ነበር፤ ሞላው ተበጥሶ። ከግድግዳ ሰዓት ሞላ ቆርጬ ተካሁለትና ሄደ። ከዚያ ወዲያ የገበያው ሰው "የባቡር ሐኪም" እያለ ያሾፍብኝ ጀመር፤ ባሌ ውስጥ ሐዲድ ሳይኖር!

ጋሽ ወንድሙም ይህንኑ ሰምተው መጡ። ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ጎባ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በፎጣ የተጠቀለለ ባቡር ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

"በቁልፍ የሚጠመዘዝ ነው፤ ሞላው ላልቷል መሰለኝ" አሉ። "ልጄ ሰናይት ለፋሲካ ከጅማ ትመጣለች፤ ለልጇ ልትወስደው ነው። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይሄን እያስኬደች ነበር ገንፎ የምታጎርሳት። ከእናቷ እጅ የቀራት እሱ ብቻ ነው።"

ፎጣውን ልፈታ እጄን ሰደድኩና መለስኩት። አባቴ በሚሆኑ ሰው ፊት ዕቃ መመርመር "አላምንዎትም" ማለት መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። "ይተዉልኝ" ብዬ ሸኘኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ፎጣውን ገልጬ ባቡሩን ገለበጥኩት። የኋላ ቀኝ የብረት ጎማው ገና ጣቴ ሲያርፍበት ሦስት ቦታ ሆነ። ጉድ ፈላ! ስባሪውን ዓይኔ እንዳያየው በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

የዚህ ባቡር ጎማ የትም አይሸጥም። ልኩን ከግራው ጎማ ወስጄ ከሪራ ማር በተረፈ ሰም ቀረጽኩት። ናስ አቅልጦ በሰሙ ልክ የሚያወጣልኝ ብር ሠሪ ያለው ደግሞ እዚያው ጎባ ነው። ጋሽ ወንድሙ እንዳያዩኝ በጓሮ መንገድ እየዞርኩ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ የመጀመሪያው ጠማማ ወጥቶብን ነበር። ሁለተኛውን በሊማ ሞርጄ ቀይ ቀለም ቀባሁት። ሞላውንም አጠበቅሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እህል አልወርድልህ አለኝ።

ሲያልቅ አዲሱ ጎማ ከአሮጌው አይለይም። ዝም ብል ማን ያውቃል? ስባሪውን ከነወረቀቱ ጉድጓድ ልጥለው ብድግ አልኩ። ሐጂ ከመቃብር የሚቆጡኝ መስሎኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አባትና ልጅ አብረው መጡ። ባቡሩን ጠምዝዤ ጠረጴዛው ላይ ለቀቅኩት። ሰናይት እንባዋ መጣ። ያኔ ወረቀቱን አወጣሁ።

"እኅቴ፣ ይህን ጎማ የሰበርኩት እኔ ነኝ። አዲሱ የእኔ ሥራ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ጋሽ ወንድሙ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። ሰናይት ስባሪውን አገላብጣ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው።

"ጋሼ፣ ይሄ የደረቀ ሙጫ ነው። እርስዎ ነዎት ያጣበቁት?"

"ሙጫ? እኔ ብረት በሙጫ አልጠግንም" አልኳት።

ወደ አባቷ ዞረች። "አባዬ?"

"ስወለውለው ከእጄ አመለጠኝና በሙጫ አያያዝኩት" አሉ ወለሉን እያዩ። "የእናትሽን ዕቃ እኔ ሰበርኩት ከምልሽ፣ በእሱ እጅ ይሰበር ብዬ ነው።"

"ጋሽ ወንድሙ!" ጮህኩ። ሽምግልናቸውንም ረሳሁት። "ሦስት ሳምንት ከሰው ዓይን ስደበቅ!"

"አጥፍቻለሁ ልጄ፤ ይቅር በለኝ።"

"ብትነግረኝ ምን እልህ ነበር አባዬ?" አለች ሰናይት።

"ምንም። እንደ እናትሽ ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

ሰናይት ሳቀች፤ እንባዋን እየጠረገች። ስባሪውንም ከባቡሩ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ዕቃ ስትቀበሉ ባለቤቱ ፊት ፍቱ። ሽማግሌም ቢሆን። ዛሬም "አታምነኝም እንዴ?" የሚሉኝ አሉ።

"አምንዎታለሁ" እላለሁ። "ግን እስክፈታው ይቀመጡ።"