ወለምታ ነው ተብዬ

ብርድ ሲመጣ ከቀኝ ተረከዜ በላይ ያለው ጠባሳ ይጠዘጥዘኛል። ዛሬም ጠዋት ካልሲዬን ሳጠልቅ ጠዘጠዘኝና ንዴቴ አብሮ ተነሳ። ስንት ዓመት አለፈው፤ አልበረደልኝም።

አቃቂ ነበርን፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ገና ወደ ግል አልተዛወረም። ፈትል ክፍል እሠራለሁ፤ ከሥራ በኋላ ለፋብሪካው መረብ ኳስ እጫወታለሁ። ያኔ ከመረብ ኳስ ሌላ ሕይወት ያለ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጥጥ ጥጥ በሚሸተው ግቢ ውስጥ ኳስ ልመታ ስዘል፣ የማሽን ቺንጋ ሲበጠስ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ሰው ተረከዜን በእርግጫ ያለኝ መሰለኝ። «ማነው የመታኝ?» ብዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

አባዬ የሰፈሩ ወጌሻ ነበር። ትከሻው የወለቀ፣ እግሩ የዞረበት ሰው ከሳሪስ ድረስ ይመጣለታል። ታዲያ የእሱ ልጅ ሐኪም ቤት ብትሄድ ሰው ምን ይላል? እውነቱን ልንገርህ፣ ነገሩ ይኸው ነበር። እግሬን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ «ወለምታ ነው፤ ቻይው» አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ማታ አሸኝ። በጣቶቼ መቆም አቃተኝ። «አባዬ፣ ሐኪም ይየኝ» ስለው «እኔ ምንሽ ነኝ?» ይላል። አሁንም ሳወራው ደሜ ይፈላል!

በመጨረሻ እናቴ ናት በታክሲ የወሰደችኝ። አባዬ እያጉረመረመ ተከተለን። ወጣቱ ሐኪም በሆዴ አስተኝቶ ባቴን ጨመቀው። ግራውን ሲጨምቅ እግሬ ተንቀሳቀሰ፤ ቀኙን ሲጨምቅ ንቅንቅ አላለም። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

«የተረከዟ ጅማት ተበጥሷል። ማነው ይሄን ሲያሽ የከረመው?»

«እኔ ነኝ» አለ አባዬ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

«እርስዎማ መታሰር ነበረብዎት!»

አብረውት የቆሙት የሕክምና ተማሪዎች ሳቁ። አባቴን በሆዴ ስረግም የከረምኩት እኔ፣ በዚያች ሰዓት ያንን ሐኪም ባንቀው ደስ ባለኝ። የተናገረው ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። ልጆቹ በሚሆኑ ተማሪዎች ፊት አዛውንት እንዲህ ይባላል?

ጅማቱ ተበጥሶ በመክረሙ ወደ ላይ ሸሽቶ ስለነበር፣ ፈልገው ለመስፋት ባቴ ድረስ ቀደዱኝ። ወራት በጀሶ ተቀመጥኩ። በቡድኑ ውስጥ ቦታዬን ሌላ ልጅ ያዘችው፤ መረብ ኳሱም በዚያው ቀረ።

ጀሶው ሲፈታ እግሬ እንዳይደርቅ በየቀኑ እንዲታሽ ታዘዘልኝ። ቤት እንደገባን እግሬን ለአባዬ ዘረጋሁለት። ይቅር ብዬው አልነበረም፤ ከእሱ በቀር ማን እንደሚያሽ ስለማላውቅ ነው። ጠባሳውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ።

«እናትሽን ጥሪያት፣ ልጄ» አለኝ።

አይ፣ አንተው እሸኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር እኮ። ንዴቴ ያዘኝና እናቴን ጠራኋት።