የውሃ አባት ሊሆኑ የነበሩት ሰው

ከአምበር ወጣ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ሆኜ የተመደብኩት ከኮሌጅ በወጣሁበት ዓመት ነው። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ሪፖርት ሳጠቃልል ያ የመስኖ ቦይ ይናፍቀኛል። በድንቹና በሽንኩርቱ መደብ መሃል ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ፣ ጠዋት ጠዋት እግሬን የሚቆረጥመው ብርድ፣ «ባለሙያዋ መጣች» እያሉ በጫማዬ የሚስቁብኝ ሴቶች ሳይቀሩ ይናፍቁኛል። ያኔ ግን በየሳምንቱ የዝውውር ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ሞኝነቴ መቼም አያልቅም።

እዚያ አገር በጋው ሲገባ ውሃ የሚያከፋፍል ሰው ይመረጣል፤ የውሃ አባት ይባላል። ተራው የማን እንደሆነ የሚናገረው፣ ቦይ ሲጠረግ ማን እንደቀረ የሚያውቀው፣ ሁለት ሰዎች አካፋ ይዘው ሲፋጠጡ መሃል የሚገባው እሱ ነው። ደሞዝ የለውም፤ የራሱንም ማሳ የሚያጠጣው ከሁሉም በኋላ ነው። የድሮዎቹ ሰዓት ስላልነበራቸው ፀሐይ ላይ ቆመው የገዛ ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ ነበር ተራ የሚያካፍሉት። እኔ ስደርስ ሁሉም ስልክ ይዟል፤ ክርክር ሲነሳ ግን ያው ጥላ ይለካል፤ የአንዱ ስልክ ከሌላው አሥር ደቂቃ ይቀድማላ።

በጥላ ልኬት ማንም የማይደርስባቸው አንድ ገበሬ ነበሩ። ማሳቸው ከቦዩ ራስ ስለሆነ የላይኛው ገበሬ ልበላቸው። እኔ ከመምጣቴ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ዝናብ ባጠረበት በጋ፣ ያለ ተራቸው ውሃውን ወደ ማሳቸው ጠለፉ። ማሳቸው ከታች የሆነ ጎረቤታቸው ሊመልሱት ሲመጡ በአካፋ መቷቸው። የታችኛው ገበሬ ክንድ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ክርናቸው ተዘርግቶ አያውቅም። የላይኛው ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ታስረው፣ ጨርሰው ወጡ። ሽማግሌ ገባ፣ ቄሱ መስቀል ይዘው ቆሙ፣ ታረቁ። እኔ የደረስኩባቸው አንድ አንድ በሬያቸውን አቀናጅተው የሁለቱንም መሬት በተራ ሲያርሱ ነው። ታሪኩን ባይነግሩኝ ወንድማማቾች እላቸው ነበር።

በዚያው ዓመት ውሃ ተጠቃሚዎቹ በማህበር ይደራጁ ተባለና ደንብ ማዘጋጀቱ በእኔ ላይ ወደቀ። ከጓደኛዬ ፍላሽ ላይ የአንድ የቁጠባ ማህበር ደንብ ገልብጬ «ቁጠባ» የሚለውን ሁሉ በ«ውሃ» ተካሁት። አንድ ከሰዓት በቃኝ፤ ኮራሁበትም። አንቀጽ ሰባት ላይ፣ ለኃላፊነት የሚመረጥ ሰው «በወንጀል ተከሶ ያልተፈረደበት» መሆን አለበት ይላል። ስገለብጠው ማንም ትዝ አላለኝም። ደንቡን ለስብሰባው አነበብኩ። አርባ አንቀጽ ሰምቶ የማያንቀላፋ ሰው ስለሌለ አጨብጭበው አጸደቁት።

የውሃ አባቱ ምርጫ የተደረገው ለኅዳር ሚካኤል ነው። የእርሻ ሥራ የማይነካበት ቀን ስለሆነ ከቅዳሴ በኋላ የቀረ ሰው አልነበረም። «ጥቆማ» ስል መጀመሪያ የተነሱት የታችኛው ገበሬ ናቸው።

«እኔ እሱን ነው የምለው» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ላይኛው ገበሬ እያመለከቱ።

ማንም አልተገረመም፤ አስቀድመው እንደመከሩበት ገባኝ። የላይኛው ገበሬ አንገታቸውን ደፍተው የጋቢያቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ። ከሴቶቹ መሃል ባለቤታቸው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ተቀምጠዋል። እኔም ወረቀቴን ገልጬ አንቀጽ ሰባትን ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ደንቡ አይፈቅድም» አልኩ።

«የትኛው ደንብ?»

«ያጸደቃችሁት።»

የታችኛው ገበሬ አልተቀመጡም። «ልጄ፣ የተመታሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ክርኔን አይተሽዋል። ውሃ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ከዚህ ሰው በላይ የሚያውቅ በዚህ ቦይ ላይ የለም። እኔ ይሁን ካልኩ ሌላው ምን አገባው?»

«እርስዎ ይቅር ብለው ይሆናል፤ ደንብ ግን ለሁሉም ነው» አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ይህን ስናገር ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

ያኔ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ሴት ከኋላ ተናገሩ። «ባለሙያዋ ልክ ናት። እኔ ጉልበት የለኝም። ሰው የመታ ሰው ደጅ ቆሜ ተራዬን ስጠኝ ማለት ያስፈራኛል።» ዛሬ ቢሮ ውስጥ፣ የተፈረደበት ሰው ለሥልጣን ይወዳደር አይወዳደር የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር እኚህ ሴት ይመጡብኛል። ይወዳደር የሚሉትን ልደግፍ አፌን ስከፍት ድምፃቸው ያቆመኛል፤ አይወዳደር የሚሉትን ስሰማ ደግሞ የተቀናጁት በሬዎች ይታዩኛል። ቁርጥ ያለ መልስ ያለው ሰው ያናድደኛል፤ የቀድሞዋን እኔን ስለሚመስል ይሆናል።

የላይኛው ገበሬ ተነሱ። «ይብቃ፤ ልጅቱ ያነበበችው እኛው ያጨበጨብንበትን ነው» ብለው ተቀመጡ። ከማንም ጋር ተጣልተው የማያውቁ አንድ ጨዋ ሰው ተመረጡ። እኚያ ጨዋ ሰው ማንንም እምቢ ማለት አይችሉም ነበርና ከላይ ያሉት ያለ ተራቸው ሲወስዱ፣ ሁዳዴ ሲገባ ከቦዩ በታች ያለው ማሳ ሁሉ ውሃ አጥቶ ቢጫ ሆነ። የሴትዮዋም ጭምር።

የምርጫው ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ የላይኛው ገበሬ የመንደሩ ውሾች እንዳይነክሱኝ ብለው እስከ ወንዙ ሸኙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ሰግቼ ነበር። ስለ ገብሱ አወሩ፣ ስለ ብርዱ አወሩ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ይጠይቁኝ።»

«ዳኛው ስድስት ዓመት አለኝ። ስድስቱን ቆጥሬ ወጣሁ። የአንቺው ስንት ዓመት ነው?»

የማላውቀው ይመስል ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ አየሁት። «አልተጻፈም» አልኩ።

«እንግዲያው የአንቺው ይረዝማል» አሉና፣ ደህና ዋይ ብለውኝ ተመለሱ።

ሳምንቱን ሙሉ ተናደድኩባቸው። ምን አደረግኩ፣ ደንብ ነው ያነበብኩት እያልኩ ብቻዬን ተሟገትኩ። በኋላ ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። አንቀጹ ይሻሻል ብዬ ወረዳ ሄድኩ፤ ኃላፊው ዓመታዊውን ጉባኤ ጠብቂ አለኝ። ጠበቅኩ። ለአንድ አንቀጽ ስል የዝውውር ማመልከቻ መጻፌን ተውኩ።

በዓመቱ አዲሱን ይዤ ቆምኩ፦ ቅጣቱን የጨረሰና ከተበዳዩ ጋር የታረቀ ሰው መመረጥ ይችላል። አንድም እጅ ሳይቀር ወጣ፤ የሴትዮዋም ወጣ። የላይኛው ገበሬ ግን አልነበሩም። ክረምቱ ሳይገባ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ በሬያቸውን ሸጠው፣ ከባለቤታቸው ጋር ደምበጫ ልጃቸው ቤት ገብተዋል። የታችኛውን ገበሬ ሲሰናበቱ «በአንዱ ጥፋት ሁለት ጊዜ ተፈረደብኝ» ብለዋቸው እንደሄዱ የሰማሁት በዚያ ቀን ነው።

ስብሰባው ሲበተን የታችኛው ገበሬ ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ አሁን ይሄን ለማን ነው ያመጣሽልን?»

«ለሚቀጥለው ሰው» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቤታቸው ሄዱ። መልሴ ልክ ነበር፤ እሳቸው ግን የጠየቁኝ ስለ ጓደኛቸው ነበር።