ኖር ያልተባለበት ቅዳሜ

አላምረው ሲኒማ የሚተረጉመው በዜማ ቤት ጉሮሮው ነበር። እንግሊዝኛውን ያገኘው ደግሞ ጣሊያን ከጎንደር በተባረረ ማግሥት፣ በእንግሊዝ ጦር ሰፈር ሲላላክ ነው። አባቱ የልደታ ካህን ነበሩና ልጃቸው ድጓውን ትቶ «የሰይጣን ጥላ» ሊተረጉም ሲሄድ እስኪሞቱ ድረስ አኮረፉት። እሱ ግን ወይ ፍንክች ያባ ቢላዋ ልጅ! ጣሊያን ፒያሳ ላይ ሠርቶት በሄደው ሲኒማ ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ መቋሚያውን ተደግፎ ከሸራው ጎን ይቆማል።

አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበው ነበር። የጎንደር ሰው የፊልም መጀመሪያ አይቶ አያውቅም! ምነው ቢሉ፣ ጨዋነቱ መች ያስችለውና! ሰው በገባ ቁጥር የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል። የገባው «በእግዜር!» ብሎ በየአቅጣጫው እጅ ይነሳል፣ የልጁን የከብቱን ደኅንነት ይጠይቃል። እስከዚያ በሩ ተበርግዶ ፀሐዩ ሸራውን ድራሹን ያጠፋዋል። ትልቅ ሰው ደግሞ ቀድሞ መምጣት ነውሩ ነው። ከሁሉ የሚዘገዩት ባለርስቱ ቀኛዝማች ነጋ ነበሩ፤ እሳቸው ከነአጃቢያቸው ገብተው እስኪደላደሉ ድረስ ማን ይቀመጣል?

አላምረው በዚህ ይቃጠል ነበር። መጻሕፍት ቤት ሳለ የኔታ የመጀመሪያዋን ቃል ሳያመላልሱ፣ ሳያመሠጥሩ ወደ ሁለተኛዋ አይሻገሩም። አገሩስ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይል የለም እንዴ? ታዲያ ፊልም ሲሆን ምነው ከወገቡ?

በተለይ የእንግሊዞቹ የወንጀል ፊልም! እነሱ በጥይት አይጀምሩም። መጀመሪያ ዝናብ ያረጠበው መንገድ ያሳያሉ፤ ሰው የለበትም። አንድ ፖሊስ ጠመንጃ ሳይይዝ ብቻውን እያዘገመ የሱቁን በር ሁሉ ገፋ ገፋ አድርጎ መዘጋቱን ያያል። ደጃፍ ላይ ወተት በጠርሙስ ተቀምጧል፤ የሚነካው የለም። አላምረው ይህን ባየ ቁጥር ሰውነቱን ውርር ያደርገዋል። «ገና አንድ ሰው አፉን ሳይከፍት የአገሩን ሕግ ነገሩን» ይላል፣ የሚሰማው ባያገኝም። «በዚያ ሰፈር ሰው ሰውን አምኖ ይተኛል ሲሉ ነው። አንድም፣ ሕግ ማለት ጠመንጃ ሳይሆን በር የሚገፋ እጅ ነው ሲሉ ነው። አንድም፣ ይህን እምነት የሚያፈርስ ሰው ይመጣልና ልብ አርጉት ሲሉ ነው።»

አንድ ቅዳሜ ታዲያ እንዲህ ያለው ፊልም መጣ። ፖሊሱ እንዳለፈ ነጭ ጓንት ያጠለቀ እጅ አንዱን በር ይከፍታል። ባለካፖርት፣ መልከ መልካም ጌታ ነው። ገብቶ አሮጊቷን አንቆ ይገድልና ሲወጣ የደጃፉን ወተት በእግሩ ደፍቶት ይሄዳል። በሱ ፈንታ የሚታሰረው ግን ከሰል ተሸካሚ ድሀ ነው። ልክ ጓንቱ ብቅ ሲል ቀኛዝማች ገቡ። አዳራሹ «ኖር!» ብሎ ተነሣ። ጓንቱንም ግድያውንም ያየ አንድም ሰው አልነበረም፤ የአላምረውም ድምፅ በጫጫታው ተዋጠ።

ከዚያማ ምን ይጠየቃል! ሰው ሁሉ ለባለካፖርቱ አደላ። ከሰል ተሸካሚው ሲታሰር እልል ተባለ። በመጨረሻ እውነቱ ወጥቶ ባለካፖርቱ ወደ ስቅላት ሲነዳ ቀኛዝማች ወለሉን በከዘራ ደበደቡት።

«ግፍ ነው! እንግሊዝ የጨዋ ልጅ ሰቅሎ ከሰል ተሸካሚ ይፈታል? ይህ ደብተራ ነገሩን ጠምዝዞታል!»

በማግሥቱ ሲኒማ ቤቱን የሚያሠራው የሻው አላምረውን አስጠራው።

«አያ አላምረው፣ ፊልሙ ቅዳሜ ይደገማል። ገዳዩ ከሰል ተሸካሚው ነው በል።»

«ሸራው ሌላ እያሳየ?»

«ሸራው የሚያወራው እንግሊዝኛ ነው። ጎንደር የሚሰማው አንተን ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። እምቢ ካልክ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለይመኙሽ ሲነግራት ደነገጠች። ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም፤ ደብሩም ፊቱን አዙሮበታል።

«ታዲያ ምናለ ብትለው? ጥላ አይደል? ጥላ ተሰቀለ አልተሰቀለ ለልጆቻችን ምን ይፈይዳል?»

«ለጥላም ቢሆን በሐሰት አልመሰክርም!» አላምረው ገነፈለ። «ይልቅ አንቺም መጥተሽ እይው። ግን ቀድመሽ ነይ።»

ይመኙሽ ሲኒማ ገብታ አታውቅም። ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና ከፊት ተቀመጠች። አዳራሹ ሞላ። የሻው ቀኛዝማችን ሊቀበል ደጅ ቆሟል። አላምረው ቀስ ብሎ ሄደና በሩን ዘጋው፤ መቋሚያውንም በመያዣዎቹ አሾልኮ ቀረቀረበት።

«ከእንግዲህ የሚገባ የለም! ቁጭ በሉና መጀመሪያውን እዩ!»

የፊልሙ ማኪና መንጫጫት ጀመረ። ዝናቡ፣ ባዶው መንገድ፣ ፖሊሱ መጡ። አላምረው ድምፁን ሞልቶ ስለ በሩ፣ ስለ ወተቱ አንድም እያለ አወረደው። ፖሊሱ አንዱን በር ገፋ ሲያደርግ የአዳራሹም በር ተንገጫገጨ።

«ክፈት! ቀኛዝማች ናቸው!» የሻው ነበር።

ልማድ ክፉ ነው፤ ግማሹ ሰው ብድግ አለ። አንዳንዱም «ኖ...» ማለት ጀምሮ ነበር።

«ቁጭ በሉ እንጂ!» ጮኸች ይመኙሽ። «እጁን ልየው!»

ተቀመጡ። ነጩ ጓንት በሩን ከፈተ። አሮጊቷ ወደቀች። ወተቱ ደረጃው ላይ ሲፈስ አዳራሹ «ወይኔ!» አለ። አላምረው ይሄኔ መቋሚያውን መዘዘና በሩን ወለል አድርጎ እጅ ነሣ።

«ይግቡ ጌታዬ።»

ቀኛዝማች ደም ሥራቸው ተገታትሮ ገቡና እንደልማዳቸው «በእግዜር!» አሉ። ኖር ያላቸው ግን አልነበረም። የተነሣም የለም። በጨለማው እየዳበሱ ወንበር ፈለጉ።

ባለካፖርቱ ወደ ስቅላት ሲነዳ ዳግመኛ «ግፍ ነው!» ብለው ተነሡ። ይመኙሽም ተነሣች።

«መጀመሪያውን አላዩም ጌታዬ!»

«አላዩም! አላዩም!» አለ አዳራሹ።

አላምረው በዚያው ቀን ተባረረ። ሽማግሌ ተልኮበት ድንጋይ ተሸክሞ ቀኛዝማች እግር ላይ እንዲወድቅ ቢመከር፣ «ድንጋይ የምሸከመው ለበደልኩት ሰው ነው» ብሎ መለሳቸው። አይከል ገበያ ድረስ እየተመላለሰ ጨው መቸርቸር ጀመረ። ከባድ ኑሮ ነበር፤ ይመኙሽ ግን አንድ ቀን እንኳ «ብትለው ኖሮ» አላለችም።

ክረምቱ አልፎ ሌላ የእንግሊዝ ፊልም መጣ ሲባል ባልና ሚስቱ እንደማንኛውም ሰው ከፍለው ገቡ። ገና ማኪናው አልተነሣም። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ፣ ከዘራውን በጉልበቱ መሐል አቁሞ፣ ሸራው ላይ አፍጥጦ ተቀምጧል። ቀኛዝማች ነጋ ናቸው። የእግር ኮቴ ሲሰሙ ልማድ ቀደማቸውና ከወንበራቸው ከፍ አሉ።

«ኖር!»

ይመኙሽ ነጠላዋን አስተካከለች።

«በእግዜር!» አለችና ከፊታቸው ሄዳ ተቀመጠች።