«ይቁረጡት» ያለኝ ሰው

መርካቶ ውስጥ መኪና የሚያስቆሙ ሰዎች ለሴት የሚሆን አነጋገር የላቸውም። «ና! ና! ቁረጠው! መልስ! በቃ!» ይላሉ፤ መሪውን የያዘው ጎረምሳ ይሁን እንደ እኔ ያለች ሽበታም ግድ የላቸውም። በፊት በፊት ያናድደኝ ነበር። አንድ ጊዜ አንዋር መስጊድ አጠገብ የሚሠራውን «ወንድ እመስልሃለሁ እንዴ?» ብለው፣ «እትዬ፣ እኔ የምጠራው መኪናውን ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለምጄዋለሁ።

ይህን የማነሣው የባሌ እህት ያንን ቀን እንደፈለገች እየለወጠች ስለምታወራው ነው።

የሴት ልጇ ሠርግ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ለመልሱ ያሰፋችውን የሙሽራዋን ካባ ልንቀበል በእኔ መኪና ሄድን። እሷ መንዳት አትችልም፤ ማዘዝ ግን ታውቅበታለች። ካባው በወርቃማ ክር የተጠለፈ ጥቁር ከፋይ ነው፤ ቢጠፋ ሌላ ለማሰፋት ጊዜ የለም። ከኋላ እንቆልፍበት ብላት እንዳይጨማደድ ብላ ጭኗ ላይ ታቀፈችው።

«አንቺ ደግሞ ቁልፍ ነገር ስትወጂ!» አለችኝ።

ነገሩ የቆየ ነው። በባሌ አርባ ቀን፣ ቤቱ በሰው ሲሞላ መኝታ ቤቱን ቆልፌ ነበር። እሷ ድንኳኑ መሐል ቆማ «ወንድሜንም ቆልፋበት ነው የኖረችው» ብላ ሰዉን አሳቀችብኝ። ሐዘንተኛ ነበርኩና ዝም አልኩ። አልረሳሁም።

ካባውን ተቀብለን ስንመለስ ቅመም ልግዛ አለች። መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ ሰደርያ የለበሰ ሰው እጁን አወዛወዘልኝ።

«ይምጡ እናቴ፣ ይምጡ… ትንሽ ይቁረጡት… በቃ፣ ያቁሙት።»

ሰደርያው ልክ ነው። የእጁ አወዛወዝም ልክ ነው። በዚያ ሰፈር ስመላለስ አርጅቻለሁ፤ «ይቁረጡት» ያለኝ ሰው ግን የለም። መስታወቴን አንኳኳ።

«እናቴ፣ የኋላ ጎማዎ ተንፍሷል። ወርደው ይዩት።»

መስታወቱን አላወረድኩም። «እንዳትወርጂ» አልኳት።

«ለምን?»

«እዚህ በአንቱታ መኪና የሚያስቆም ሰው የለም።»

ሳቋን ለቀቀችው። «ስላከበረሽ ሌባ ሆነ? አንቺ የምታምኚው ሲያመናጭቁሽ ነው!» ካባውን ወንበሯ ላይ ትታ፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ወረደች።

በመኪናው ኋላ ዞራ በእኔ በኩል ካለው ጎማ ላይ ከሰውዬው ጋር አጎነበሰች። እኔ ዓይኔን ከተከፈተው በር ላይ አላነሣሁም። ማዳበሪያ የተሸከመ ሌላ ሰው መጥቶ ሸክሙን በሩ አጠገብ አሳረፈና እጁን ሰደደ። ካባውን ጎተተ፤ እኔም ጎተትኩ። ክር ሲበጠስ ሰማሁ። አልለቅም ብዬ በክርኔ ጥሩምባውን ተጫንኩት።

እውነተኛው የፓርኪንግ ሠራተኛ እየጮኸ ከማዶ ሲሮጥ ባለማዳበሪያው ካባውን ለቆ ሸሸ። ባለ ሰደርያውም ወዲያው ሰው መሐል ገባ። ጎማው ምንም አልሆነም።

«እዚያ ማን አቁም አለህ? ና! ወዲህ ቁረጠው!» ብሎ ሠራተኛው ጮኸብኝ።

«እሺ ጌታዬ» አልኩት። እንደዚያ ደስ ብሎኝ ቆርጬ አላውቅም።

በመልሱ ዕለት ሙሽራዋ ካባውን ለብሳ ተቀመጠች። ብብቱ ሥር የተበጠሰውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላየውም። እናቷ ግን ለእንግዳው ሁሉ «ጎማውን ሳይ ጠረጠርኩና ጮህኩ፤ እሷማ ደንግጣ መሪው ላይ ተጣብቃ ቀረች» ትላለች። የልጅቷን ቀን ላለማበላሸት ዝም አልኩ። ሁለተኛ ዝምታዬ መሆኑ ነው።

ማታ ወደ ቤቷ ላደርሳት መኪናው ውስጥ ስንገባ ሳልነግራት በሯን ዘግታ ቁልፉን ተጫነችው። ቀጭ ሲል ሰማሁ።

ሞተሩን ከማስነሣቴ በፊት ግን እጄን በፊቷ አሳልፌ በሩን ሞከርኩት።