የሎርና ሮዝ ባርኔጣ

የጎረቤቴ የሎርና ቀን ለአውቶብስና ለምሳ አሥር ዶላር ይፈጃል፤ ከሁሉ የሚያስመርራት ግን ሽበቷን የምትደብቅበት የፀጉር ቀለም ወጪ ነው።

ታላቅ እህቷ ዊልማ ሃምሳ የሞላቸው ሴቶች ማኅበር ገብታ፣ ሐምራዊ ቀሚስና ቀይ ባርኔጣ አድርጋ በከተማው እየሳቀች ስትዞር ሎርናን ቅናት አንገበገባት። በማኅበሩ ደንብ ከሃምሳ በታች ላሉት የሚፈቀደው ሮዝ ባርኔጣ ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት ሎርና ቀይ ደፍታ የማኅበሩ ሴቶች ምሳ ላይ ከች አለች።

«አንቺ ልጅ፣ አውልቂው! ሃምሳ መች ሞላሽ?» አለቻት ዊልማ።

«ሃምሳ ሁለት ሞላኝ እኮ!»

«እኔ ራሴ ሃምሳ አንድ ነኝ። ታላቄ ነሽ ማለት ነዋ!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ሮዙንም ሰጧት። ሎርና እየተነጫነጨች ደፋችው፤ የፀጉር ቀለም ግን ከዚያ ወዲህ አልገዛችም።

«ለሚያነቡት ሁሉ ጻፊልኝ» አለችኝ፤ «ዕድሜዬን ስትገምቱ እባካችሁ አትቀንሱልኝ፣ ጨምሩልኝ።»